ለሁሉም ኤ

ወይዘሮ ቨርና ሆልምግሬን በአንዲት የአሜሪካ፣ የነብራስካ ከተማ ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ጸጉራቸው ሸብቷል፤ ኤ ሰጥተው ግን አያውቁም። እናቶች ፊታቸው ተቀምጠው አለቀሱ፣ የእግር ኳስ አሠልጣኙ ለተጫዋቾቹ ለምኖ ለምኖ ሰለቸው፤ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! "በቢ የሞተ ልጅ አላየሁም" ይሉ ነበር።

የተማሪዎች አማካሪው ሃል ብራንድቮልድ ብቻ በዚህ ጭካኔያቸው ይኮራል። ትምህርት ቤቱ ለኮሌጆች በሚልከው መግለጫ ላይ የትኛው ትምህርት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ስንት ልጅም ኤ እንዳገኘበት ይሰፍራል። ስለዚህ ኮሌጆቹ የቨርናን ቢ ከሌላ ቦታ ኤ አስበልጠው ያዩት ነበር። ያ የሚያስለቅስ ቢ ስንቱን ልጅ ከበቆሎ ማሳ አውጥቶ ደህና ቦታ አስገብቷል! ሃል ይህን አንድም ቀን አልነገራቸውም፤ የሚያውቁት መስሎት ነበር።

ጡረታቸው ሲቃረብ፣ ሁሉም ከየቤቱ አብስሎ ይዞ በሚመጣበት የቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ አንዲት እናት ድንቿን እየጨለፈችላቸው፣ "እርስዎ ሲሄዱ እንኳን የሚያለቅስ አይኖርም፤ ሁላችንም አልቅሰን ጨርሰናል" አለቻቸው። አብረው ሳቁ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ሆድ ባሳቸው።

ታኅሣሥ ላይ ለከባዱ የኬሚስትሪ ክፍል በሙሉ ኤ አደሉ። ክፍል ውስጥ ሲያንኮራፋ የሚውለውም ሳይቀር አገኘ። ከተማው ኬክ በኬክ ሆነ፤ የሴትየዋም ፊት እንደዚያ በርቶ አያውቅም።

ሃል ውጤቱን ሲያይ እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

"ቨርና፣ ምን ነካዎት?"

"አርጅቼ ደግ ሆንኩ። ይኼም ያስወቅሳል?"

"ምነው አንድ ዓመት እንኳ ጨክነው ቢቆዩ!"

እሳቸው ቀልድ መስሏቸው ኬክ ቆርሰው ሰጡት።

መጋቢት ላይ ታምሲን ሩዚችካ ክፍላቸው ድረስ መጣች። ኬሚስት ከመሆን ሌላ ሕልም የሌላት፣ እሁድ ሳይቀር ቤተ ሙከራ ክፈቱልኝ የምትል ልጅ ናት። የተመኘችው ዩኒቨርሲቲ አልቀበልም ብሏታል።

"ሚስስ ሆልምግሬን፣ ኤዬን ይውሰዱና ቢ ይስጡኝ።"

"አብደሻል እንዴ ልጄ?"

"ሚስተር ብራንድቮልድ ዩኒቨርሲቲው ደውሎ ነበር። 'ዘንድሮ እናንተ ጋ ኤ እንደ ጉድ ነው የሚታደለው፤ እሷን በምን እንለያት?' አሉት። አምና እኮ በእርስዎ ቢ ነው ልጅ የተቀበሉት።"

ቨርና የውጤት መዝገባቸውን ከፍተው የደረደሩትን ኤ አዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ እጃቸው አስጠላቸው።

"ስሚኝ፣ የአንቺ የእውነት ነው። ካስተማርኳቸው ሁሉ ኤ የሚገባሽ አንቺ ነሽ፤ ስለ እውነት ነው የምልሽ!"

ታምሲን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነሳች።

"ድሮ ቢሆን አምንዎት ነበር" አለቻቸው።