ዳንቴል የለበሰው ማጉያ

አጎቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የእጃቸው ጀርባ ነው። የጋለን ዕቃ ሁሉ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር በእጃቸው ጀርባ ዳሰስ አድርገው፣ "መጀመሪያ መተንፈሻውን እዩለት" ይሉ ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ ዕቃ ከገበያ በጠፋበት ወቅት፣ ከተበላሹ ራዲዮኖች ለቃቅመው ለሰርጌ የድምፅ ማጉያ ሠሩልኝ። የሰርጉ ሳምንት ታዲያ ማጉያው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርም፣ እንደ ካውያ ይግል ጀመር። አጎቴ ገመዶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ሲያዳምጡ፣ የመብራቱ ገመድ ዘፈኑን ከሚያመጣው ከቴፑ ገመድ ጋር ተጠማዝዞ አገኙት። ቢያለያዩት ጸጥ አለ። ግለቱ ግን አልበርድ አለ። ለካስ ባለቤታቸው እትዬ ለሰርጉ ብለው ሠርተው ያለበሱት ዳንቴል የሳጥኑን መተንፈሻ ቀዳዳዎች ደፍኗቸው ኖሯል!

"እንግዲያ አንሱት!" አሉ እትዬ አኩርፈው።

"ምን ሲደረግ! ያንቺ እጅ ያረፈበት ዕቃ ራቁቱን ሰው ፊት አይወጣም" አሉና፣ ከሚሠሩበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያመጧቸውን ባዶ የክር መጠቅለያ እንጨቶች በየማዕዘኑ አቁመው ዳንቴሉን እንደ ዳስ ወጠሩላቸው። በሰርጌ ዕለት ዘፈኑ ከግሽ አባይ ሰፈር እስከ ጣና ዳር ተሰማ።

አጎቴ ካረፉ ወዲህ፣ ከሰርጉ ጀምሮ ቤታቸው ከቀረው ማጉያ አጠገብ ያለው ወንበራቸው ባዶ ነበር። እስከ አርባቸው ድረስ በዚያ ቤት ማጉያውን የነካው አልነበረም። በአርባቸው ማግስት ስሄድ ግን እትዬ ዳንቴሉን አጥበው፣ በእንጨቶቹ ላይ መልሰው ወጥረው፣ መዝሙር ከፍተው አገኘኋቸው። ሳላስበው የእጄን ጀርባ ሳጥኑ ላይ አሳረፍሁ። ሞቅ ይላል እንጂ አያቃጥልም።

"መተንፈሻውን አይቼለታለሁ" አሉኝ እትዬ፣ የአጎቴን ወንበር ወደ እኔ እየሳቡ።