የዘርአ ዳዊት ቁራኛ

በሰላ ድንጋይ አገር የዘርአ ዳዊት ቃል እንደ ምስክር ይቆጠር ነበር። ጎረቤቶች በድንበር ሲጣሉ «ዘርአ ዳዊት ያየውን ይናገር» ይሉና፣ እሱ ባመለከተው ቦታ ድንጋይ ይተክላሉ። «አንድ አፍ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስሙን እንደ አዲስ ኩታ ይወደው ነበር። በማኅበር ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ «ሰው ማለት ድንጋይ ነው» ይላል፤ «ዝናብ ቢወርድበት ይረጥባል እንጂ አይሟሟም።»

ሚስቱ ይመኙሻል ከጓዳ ሆና ትመልስለታለች።

«ዝናብ ያልጎዳውን ድንጋይ ውርጭ ሲሰነጥቀው አላየህም?»

ሰው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። ነገሩ ከሳቅ ያለፈው በቅሎው የተሰረቀች ጊዜ ነው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነበር። ጎህ ሊቀድ ሲል ኮቴ ሰምቶ ሲወጣ፣ አንድ ሰው ዳማዋን በቅሎ እየሳበ ጉም ውስጥ ሲገባ ጀርባውን አየ። የሰውየው ቀኝ ትከሻ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ጮኸ፣ ሮጠ፤ ጉም የዋጠውን ግን ማን ያስተፋዋል?

ከሰነበተ በኋላ ደብረ ብርሃን ገበያ ወጥቶ ሳለ ያ ትከሻ በፊቱ አለፈ። ዘሎ ያዘው።

«በንጉሡ አምላክ! ቁም!»

በንጉሡ አምላክ የተባለ ሰው አንድ እርምጃ አይራመድም። ሰውየውም ቆመ። የኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፊት ቀረቡ። ተከሳሹ ደምመላሽ ይባላል፤ የአንኮበር ሰው ነው፣ ድሮ ተሸካሚ ነበር፣ አሁን እግሩ ያደረሰው ቦታ ያድራል። አገሩ አንኮበር ስለሆነ እዚያው ይዳኙ ተባለና ወደዚያ ተላኩ።

በአንኮበር ነገራቸውን የሰማው ምክትል ዳኛ ዘርአ ዳዊትን፣ «ፊቱን አይተሃል?» አለው።

«ጀርባውን ነው ያየሁት።»

«በጀርባ ሰው ይከሰሳል እንዴ? ፊቱን ያየ ሰው ከማለ ሌባ እጁን ያጣል። በጀርባ ግን…» ምክትሉ ሳቀ። «ለማንኛውም ዋናው ዳኛ ንጉሡን ተከትለው እንጦጦ ሄደዋል። እስኪመለሱ ቁራኛ ሁኑ።»

ቀጥቃጭ ተጠርቶ አንዱን የብረት ቀለበት በደምመላሽ ቀኝ እጅ፣ ሌላውን በዘርአ ዳዊት ግራ እጅ አጠበቀ። በመካከላቸው ክንድ የማይሞላ ሰንሰለት ነበር። ሕጉ ይህ ነው፤ ተከሳሹ እንዳይጠፋ ከሳሹ ራሱ ዘብ ይሆነዋል። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ሜዳም አብረው ይወጣሉ።

ይመኙሻል ስንቅ ይዛ ደርሳ ስለነበር ብረቱ ሲጠብቅ ቆማ አየች።

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» አለች ለባሏ፤ «ተጠንቀቅ።»

ደምመላሽ ጥርሱን ገለጠ። «እሜቴ፣ አህያው እኔ መሆኔ ነው?»

«ጆሮህን ዳስሰውና ድረስበት።»

«እኔ ጊደር አይደለሁም» አለ ዘርአ ዳዊት ተቆጥቶ።

«አይደለህም። ብቻ ለሰኔ ድረስልኝ፤ ሞፈሩን እኔ አልይዝም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኑ አልዞረም። ወደ ቀኝ ሲገላበጥ ሰንሰለቱ ይጎትተዋል፤ ወደ ግራ ሲገላበጥ የሌባ ትንፋሽ ፊቱ ላይ ነው። ከዚያም በኋላ ነገራቸው ሁሉ ጉተታ ሆነ። እሱ ማለዳ ማርያም ልሳለም ሲል ያኛው እየተራገመ ይነሣል፤ ያኛው ፀሐይ ልሙቅ ሲል እሱ እንደ ታሰረ በግ ይሽከረከራል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የቆላውን ጭጋግ ቁልቁል ሲያይ፣ ሐሳቡ በጀርባው በኩል ሰላ ድንጋይ፣ እርሻው ላይ ነው።

ስንቁ አለቀ። ቁራኛን የሚቀልብ መንግሥት የለም።

«አያ ዘርአ ዳዊት» አለ ደምመላሽ፣ «ዛሬ ከላይ ሰፈር ተዝካር አለ። በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን እንግባ፤ ብረቱ አይታይም።»

«ያልተጠራሁበት አልገባም።»

«አትግባ። እኔ እገባለሁ፤ አንተ ደግሞ ሰንሰለቱን ጠብቅ።»

ገቡ። በር ላይ የቆመው ሰው የሟቹ ምን እንደሆኑ ጠየቃቸው። ደምመላሽ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«የዝቋላውን አቦን! ይኼ ሰውዬ የክርስትና ልጃቸው ነው። ከሰላ ድንጋይ በእግሩ መጣ፤ ሐዘኑ አፉን ዘግቶታል።»

ዘርአ ዳዊት ዝም አለ። አልዋሸሁም አለ በልቡ፤ ዝም ነው ያልኩት። ሽሮው ትኩስ ነበር፣ ጠላውም ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ቤት በር ጠባቂው እሱኑ ሲጠይቀው ራሱን ነቀነቀ። በሦስተኛው ቤት ደምመላሽ ሆን ብሎ ዝም አለ፤ በሩ ሊዘጋ ሲል የዘርአ ዳዊት ሆድ ቀደመው።

«የዝቋላውን አቦን! ሟቹ ያሳደጉኝ ሰው ናቸው» አለ፤ እንባውም መጣ። የማን እንባ እንደሆነ ግን አላወቀም፤ ሟቹን በሕይወታቸው አይቷቸው አያውቅም። ሴቶቹ አብረውት አለቀሱ፤ የወፍራም እንጀራ ድርሻውንም እጥፍ አደረጉለት።

ሲወጡ ደምመላሽ በሳቅ ፈረሰ። «እኔ እንኳ እንባ ለማውጣት ዓመት ፈጅቶብኛል!»

ዘርአ ዳዊትም ሳቀ። ሳቁ አስደነገጠው።

አንድ ቀን ዳገቱ አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ከጫካው ወደ ግቢ ግንድ የሚያወጡ ተሸካሚዎች አለፉ። የመጀመሪያው ቀኝ ትከሻው ያዘነበለ ነበር። ሁለተኛውም፣ ከኋላ ያለውም። ሁሉም በቀኝ ትከሻ ተሸክመው ያደጉ ናቸው። ዘርአ ዳዊት ጀርባ ጀርባቸውን እያየ ቆጠራቸው።

ደምመላሽ አይቶታል። «ስንት በቅሎ ሰረቁብህ?» አለው።

ተነሥቶ ሰንሰለቱን ጎተተ። ነገሩ እንግዳ ነው፤ በዓይኑ ያየው ነገር በሳሳ ቁጥር ምላሱ «ሌባው አንተ ነህ» እያለ እየጠነከረ ሄደ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናብ ጣለ። ከአገሩ የመጣ አህያ ነጂ የይመኙሻልን መልእክት አደረሰው፤ «ጎረቤቱ ሁሉ ዘርቷል። የእኛ መሬት እንደ መበለት ተቀምጧል።» ዘርአ ዳዊት ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻለም። ይነሣል፣ ያኛውን ይጎትታል፣ ይመለሳል። ፊቱን አይቻለሁ ካልኩ በአንድ ቀን ነፃ እወጣለሁ ሲል አሰበ። ደግሞስ ሌባ አይደለም እንዴ? በቅሎዬን ባይሰርቅ የሌላውን ሰርቋል። ቃሉን እየተራመደ ያጠናው ጀመር፤ ጎህ ቀዶ ነበር፣ ዞር ሲል ፊቱን አየሁት። ደጋግሞ ሲለው ፊቱ በእርግጥ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልለት ጀመር።

ዋናው ዳኛ ተመለሱ። በግቢው ደጅ ከዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ሰውም ዙሪያውን ከበበ። ዘርአ ዳዊት አፉን ሳይከፍት ደምመላሽ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ ምስክር ይጠራልኝ አልልም። ይህ ሰው ራሱ ይማል። ፊቱን አይቻለሁ ብሎ ከማለ እጄን ይቁረጡት።»

ሰው አጉረመረመ። ዳኛው፣ «ከሳሽህን ይህን ያህል ታምናለህ?» አሉ።

«ቁራኛዬ ነው፣ አውቀዋለሁ። ለእንጀራ ይዋሻል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያልወለዱትን ሁሉ አልቅሶ ቀብሯል።» ሰው ሳቀ። «በሰው እጅ ግን አይዋሽም።»

ዘርአ ዳዊት እስከ ጆሮው ጋለ። አንድ አፍ የተባለው ሰው በአንኮበር አደባባይ የተዝካር ሌባ ተባለ! ንዴቱ ያጠናውን ቃል ወደ ጉሮሮው ገፋው። አሁን እምላለሁ፤ ይበለው!

ወደፊት ራመድ አለ። ሰንሰለቱም ያኛውን ጎተተው።

«የዝቋላውን አቦን!» ብሎ ጀመረ።

ድምፁ የደምመላሽ ነበር፤ አነሳሱ፣ አወራረዱ፣ ያች በመጨረሻ የምትጎተተው ትንፋሽ ሳይቀር። ዘርአ ዳዊት ሰማው። ደምመላሽም ሰማው። የዚያ ቃል ተከታይ ምን እንደሆነ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዘርአ ዳዊት ፊቱን አላየም፤ ግን ሰንሰለቱ በግራ እጁ አንጓ ላይ ሲርገበገብ ተሰማው። ያ ሳቂታ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

ዳኛው «ቀጥል» አሉ።

«ጀርባውን…» አለ ዘርአ ዳዊት። «ጀርባውን ነው ያየሁት። ጉም ነበር። ቀኝ ትከሻው አዘንብሏል፤ እንዲህ ያለ ትከሻ ደግሞ በዚህ አገር ሞልቷል። ሌላ ያየሁት የለም።»

ዳኛው ፈረዱ። ደምመላሽ ነፃ ወጣ፣ በቅሎዋም ውሃ በላት። ቀጥቃጩ ቀለበቶቹን ሲፈታ ሁለቱም አንጓቸውን እያሹ ተያዩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ቁራኛ ስንሆን፣ ሰርቀሃል ወይ ብለህ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም» አለ ደምመላሽ። «እውነቱን እነግርህ ነበር።»

«አሁን ልጠይቅህ?»

«አሁንማ ሰንሰለቱ የለም አያ፤ እዋሽሃለሁ።» ቀኝ ትከሻውን አዘንብሎ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ጉሙም ተቀበለው። ዘርአ ዳዊት ጀርባውን እስኪሰወር ድረስ ቆሞ አየው። ያ ጀርባ ይሁን ሌላ አሁንም መለየት አልቻለም።

ቤቱ ሲደርስ መንገድ ላይ የያዘው ዝናብ እላዩ ላይ ነበር። ይመኙሻል ደጃፍ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እሺ ጊደሬ፣ ምን ተምረሽ መጣሽ?»

ሳቀ። እሳት ዳር ተቀምጦ ሁሉን ነገራት፤ ተዝካሮቹን፣ እንባውን፣ የተሸካሚዎቹን ትከሻ፣ አደባባዩን። እያወራ ግራ እጁ ብቻውን ይነሣና ይወድቃል፤ ክብደቱን የሚፈልግ ይመስላል። ይመኙሻል መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። አደባባዩ ላይ ሲደርስ ግን ሳቋ ቆመ። እሳቱን በእንጨት ጫፍ ቆሰቆሰችው።

«እጁ ባይንቀጠቀጥስ ኖሮ?» አለችው።

ዘርአ ዳዊት መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተ። «የዝቋላውን…» ሲል ራሱን ያዘ። ተነሣና ወጣ። ዝናቡ አባርቷል፤ ያልተዘራው መሬት በጨለማው ውስጥ ይሸታል። የበቅሎዋ መታሰሪያ ግንድ ባዶውን ቆሟል። ግራ እጁን ግንዱ ላይ አሳረፈ፤ እንዳይንቀሳቀስ በቀኙ ያዘው፤ ደግሞም አነሣው። ይመኙሻል ሁለት ጊዜ ጠራችው። ሁለቱንም ጊዜ «መጣሁ» አላት፤ አልገባም።