ያልነከርኩት ቀርከሃ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልተናገርኩም። «እኔ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርም» እያልኩ ለምምልላቸው ጓደኞቼም አልተናገርኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ አድሯል፤ አድሮም አርጅቷል። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩት፤ እሱም የበደልኩት ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ የምትሰሙኝ እናንተ ናችሁ።

ሰይድ እባላለሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው አሶሳ ዙሪያ ሰፈሩ፤ እኔም እዚሁ አድጌ፣ ቀርከሃ ሰንጥቄ ወንበርና አልጋ እየሠራሁ እኖራለሁ። ቀልደኛ ነው ይሉኛል። ሲያካፋ ካየሁ ለሰው የምነግረው ጎርፍ እንደወሰደኝ አድርጌ ነው። ዛሬ ግን አላጋንንም። እሺ፣ ትንሽ።

አሶሳ ባቡር የላትም። እኔና አጣሂር ግን ነበረን። አጣሂር የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር ሬዲዮና ስልክ ይጠግናል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ አጣሂር እለዋለሁ። አንድ ቀን ሊጠግነው በተሰጠው ስልክ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። በሰው አገር ያሉ ሽማግሌዎች ክፍል ሙሉ ትንንሽ ሀዲድ ዘርግተዋል፤ ቤቱ የክብሪት ቀፎ፣ ሰዉ የምስር ፍሬ ያህላል፤ በመሀሉ ባቡር ይሽከረከራል። ባትሪው እስኪያልቅ አየነው። ስልኩ ጥርቅም ሲል አጣሂር ዞር ብሎ፣ «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ ይጫወታል። እኛ ምን ሆነን ነው?» አለኝ።

ምንም አልሆንንም ነበር። ስለዚህ ጀመርን።

ባቡሩን እሱ ሠራ። ሞተሩ ከተበላሸ ቴፕ የወጣ ነው፤ አካሉ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፤ እግሮቹ የሬዲዮ ጣቢያ መቀየሪያ ቁልፎች፤ ባትሪው ሆዱ ውስጥ። ሀዲዱን፣ አገሩንና ድልድዩን እኔ ሠራሁ። ሁለት ኮምፔንሳቶ ገጥሜ በአንዱ ጫፍ አሶሳን አቆምኩ፤ ከስፖንጅ ቆርጬ አረንጓዴ የቀባኋቸው ማንጎዎች አሏት። ከዚያ ባቡሩ አባይን ተሻግሮ ገነተ ማርያም ከተማ ይደርሳል፤ ፓዌ ላይ ይቆማል። አባይ ሰማያዊ ላስቲክ ነው። ድልድዩ ክንዴን ያህላል። ለሰው ሳወራለት ግን ከባድ መኪና የሚያሳልፍ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንገናኛለን። አቧራ እንጠርጋለን፤ የጎበጠ ሀዲድ እናቃናለን፤ ባቡሩ በየትኛው ጣቢያ ስንት ደቂቃ ይቁም ብለን እንጨቃጨቃለን። ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አይቼ አላውቅም። ሠርጌንም ጨምሮ፤ ሚስቴ ይህን ታነበው ይሆናል፣ ታንብበው፤ ዛሬ ሁሉንም ልናዘዝ ነው የመጣሁት።

አሁን ወደ ኃጢአቴ።

እዚህ አገር ቀርከሃ የነካ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የተቆረጠ ቀርከሃ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት አንድ ወር ካልከረመ ውስጡ እንደጣፈጠ ይቀራል፤ ነቀዝ ይወደዋል። ውጪው እንዳማረበት ውስጡ ዱቄት ይሆናል። የአጣሂር አባት ቤት ሠሪ ነበሩና እሱ ይህን ከእኔ አብልጦ ያውቃል። «ለድልድይ የሚሆነው ወር ሙሉ ይነከር፤ አደራ» አለኝ።

«ነክሬዋለሁ» አልኩት።

ነክሬው ነበር? አልነከርኩትም። ወንዙ ቁልቁለት ነው፤ ፀሐይ ነበር፤ ለአሻንጉሊት ድልድይ ማን ይወርዳል አልኩ። አጣሂር ሊያየው እንደሚመጣ በሰማሁ ቀን ቀርከሃውን ግቢዬ ውስጥ ዘርግቼ ሦስት ጆግ ውሃ ደፋሁበት። መጣ። በጣቱ ነካው። ሲንጠባጠብ አየና፣ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ጠጥቷል» አለ። እኔም ጥሩ ጠጥቷል አልኩ። ሳልሳቀቅ፣ ዓይኑን እያየሁ።

ከወራት በኋላ ከተማው አዳራሽ ውስጥ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ፤ ባቡራችንን ይዘን ገባን። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሳስተካክል ከድልድዩ እግር ሥር ሽሮ የመሰለ ብናኝ አየሁ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም ልበል? ኑሮዬ ቀርከሃ ነው! አወቅሁ። አጣሂር ሁለት እርምጃ ርቆ ባትሪ ያስገባል። «አያ አጣሂር፣ ዛሬ ባቡሩ ከአሶሳ አይውጣ፤ ቆሞ ይታይ» ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። ምን አደረግሁ? እፍ አልኩት። የቀረውን በእጅጌዬ ጠረግሁት። ያንን ብናኝ የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ሕዝቡ ከቶንጎ እስከ ፓዌ ተጠራርቶ የመጣ ይመስል ነበር። እሺ፣ ስልሳ ሰው ይሆናል። ባቡሩ አሶሳን ለቀቀ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ ድልድዩ ላይ ወጣ። መሀል ሲደርስ ደረቅ ጭራሮ እንደመርገጥ ያለ ድምፅ ተሰማ። ድልድዩ ተንኮታኮተ። ባቡሩ ከላስቲኩ አባይ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ተገልብጦ እግሮቹን ያሽከረክራል። ከፊት የቆሙ አንዲት እናት፣ «ውይ! የተሳፈሩት ሰዎችስ?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ቀርከሃ የእኔ ነዋ። ወንበር ያዘዙኝ ደንበኞቼ እዚያው ቆመዋል። ሰይድ የነቀዘ ቀርከሃ ይሠራል ሊባል ነው። ያኔ ይህ ምላሴ ከእኔ ቀደመ።

«ጎበዝ፣ ድልድዬን አትዩት! እኔ ምን ላድርግ? አያ አጣሂርን ባቡር ሥራ ብለው ወፍጮ ይዞልኝ መጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ያለ ሳቅ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። ሲስቁልኝ ጊዜ ደገምኩት። «ወፍጮ!» አልኩ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም አልኩ። አጣሂርም አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ብቻ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያው ስሙ ወፍጮ ሆኖ ቀረ። «ወፍጮ፣ ሬዲዮዬ ደረሰ?» ይሉታል። ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን እሰየው። በማግስቱ ቤቴ መጣ። ባቡሩን ሚዛን ላይ አስቀምጦት ነበርና፣ «ከብዷል፤ ጥፋት የኔ ነው። ድልድይህን ሰበርኩብህ። ዓፉ በለኝ» አለኝ። እኔስ? ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ «ግዴለም፣ ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

ይቅር አልኩት! ዋሽቼው፣ አዋርጄው፣ ሲመጣ ደግሞ ይቅር አልኩት! ከበደሌ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ቀልድ ነበር አልላችሁም። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው አልላችሁም። ወንዝ ድረስ መውረድ ሰንፌ፣ ስንፍናዬን በሰው ስም ከፈንኩት።

አጣሂር ከዚያ ወዲያ ባቡር አልነካም። ዓርብ ስንገናኝ ሰላምታ አይነፍገኝም፤ ግን ቶሎ ይሰናበተኛል። «እጄ ለረቂቅ ሥራ አይሆንም» ሲል ሰማሁት። የሞተ ሬዲዮ የሚያስነሳ እጅ!

ዘንድሮ ኤግዚቢሽኑ ይደገማል ተባለ። ሰማሁና ቀርከሃ ቆርጬ ወንዝ ወረድኩ። ድንጋይ ጫንኩበት፤ በየሦስት ቀኑ ወርጄ አየሁት። ወሩ ሲሞላ አውጥቼ፣ በጥላ አድርቄ ድልድዩን እንደገና ሠራሁ። ተሸክሜው ሱቁ ገባሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ውሃውንም ብናኙንም፣ ሁሉንም ነገርኩት።

የብየዳውን ብረት አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ስድስት ዓመት እኔ እጄን ጠላሁ» አለ።

«ዓፉ በለኝ፣ አያ አጣሂር።»

«አሁን ለኔ ብቻ ነገርከኝ፤ ሱቅ ውስጥ፣ ቀስ ብለህ። ያን ቀን ግን ለሰው ሁሉ ነው የጮህከው። ሂድ፤ ለሰው ሁሉ ንገር። ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ።»

ይኸው እየነገርኩ ነው። ኤግዚቢሽኑ ሲከፈትም ይህንኑ ወረቀት ከጠረጴዛችን ፊት ቆሜ አነበዋለሁ። ያን ቀን የሳቃችሁ ሁሉ ስሙኝ፤ ባቡሩ አልከበደም። ድልድዩን የጣልኩት እኔ ነኝ። የሰውየው ስም አጣሂር ነው፤ በስሙ ጥሩት።

ትናንት በሱቁ በኩል ሳልፍ የወተት ቆርቆሮው ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አየሁት፤ ሞተሩ ወጥቷል፣ አዲስ ሽቦ ገብቶለታል። አጣሂር ቀና ብሎ አየኝና በእጁ ሂድ፣ ሂድ አለኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ ማለቱ ነው። ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔ ከጥፋቴ በማግስቱ ቸኩዬ ይቅር ያልኩት ሰው ነው፤ እሱ የፈለገውን ያህል ይቆይ።