ጋቢና ያስገባችኝ ትኬት

በደርግ ጊዜ ነው። ደብረ ብርሃን በጉልበት ሥራ እያደርኩ ሳለ እናቴ አንኮበር ታመመችብኝ። ከዚያ በፊት ይሰጠኝ የነበረው ቀበሌ ያን ጊዜ የይለፍ ወረቀት ከለከለኝ። ጋቢና የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ካድሬ ስለነበር ኬላ ላይ የሚጠይቀው የለም። የምሳፈርበት የመኪና ማኅበር ደግሞ አሥር ትኬት ላጠራቀመ ደንበኛ ጋቢናውን ይሰጥ ነበር።

አሥሩን ይዤ ትኬት ቆራጩ ጋ ሄድኩ። አንዷን መለሰልኝ።

«ይቺ አትቆጠርም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉም የቆረጡልኝ?»

«ትኬቱ የእኛ ነው። የዚያን ቀን ግን መኪናችን ተበላሽቶ በሌላው ማኅበር መኪና ነው የሄድከው።»

ሌላው ማኅበር ሄድኩ። «መኪናው የእኛ ነው፤ ትኬቱ ግን የእነሱ ነው» አሉኝ። የማን ተሳፋሪ እንደነበርኩ ግራ ገባኝ። ተመልሼ «ታዲያ በእግሬ ነው የሄድኩት?» አልኩት።

ሳቀ። «አንተ ችኮ! በል ግባ።»

ኬላው ላይ ወታደሩ የጋቢናውን በር ከፍቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

«ጓድ፣ ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የተሳፋሪዎቹን የይለፍ ወረቀት በማየት ቢያግዙኝ?»

 ወርጄ የሁሉንም አንድ በአንድ አየሁ። ወረቀት ያልያዘው ጋቢና የተሳፈረው ሰው ብቻ ነበር። እሱን አልጠቆምኩም።