ገብስማዋ

መካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የእንስሳ መልክ ከኑሮው ጋር እንዴት እንደተገጣጠመ ሳስረዳ የሚችለኝ የለም። የጭልፊት ምንቃር ለምን እንደተቆለመመ፣ መሬት የሚመስል እንስሳ ለምን ዕድሜው እንደሚረዝም፣ ሰሌዳው እስኪሞላ እጽፋለሁ። ይህን የሳተ ተማሪ ከእኔ ምሕረት አያገኝም።

አምና ታላቅ እህቴ ከዓረብ አገር ተመለሰች። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ ኮሌጅ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሁለተኛ አልሄድም፣ ዶሮ አርብቼ እዚሁ እናቴ ዘንድ እኖራለሁ አለች። ምን ዓይነት ዶሮ ልግዛ ብላ ያማከረችው እንግዲህ የተማረውን ወንድሟን ነው።

"ነጩን የፈረንጅ ዶሮ" አልኳት፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ። "እንቁላሉ ጉድ ነው።"

እናታችን ዕድሜ ልኳን ያረባችው ገብስማ ዶሮ ነው። "ልጄ፣ ነጭ ነገር ሜዳ ላይ መልቀቅ ጭልፊት መጋበዝ ነው" አለች።

"አብሽሪ እማ፣ ይሄ ሳይንስ ነው" አልኳት። አፌን በቆረጠው!

ነጮቹን ገዛች። መኖ ሲወደድ ደግሞ፣ ገብሱ የታጨደበት ማሳ ላይ ከእናቴ ዶሮ ጋር ይልቀሙ ብዬ አስለቀቅኳቸው። ጭልፊቱ መጣ። የእናቴ ገብስማ አንዴ ጮኻ መሬት ላይ ልጥፍ አለች፤ ቆሜ እያየኋት ጠፋችብኝ። ስሟን ከልጅነቴ ጀምሬ ስጠራ የኖርኩ ሰውዬ፣ ገብስ ውስጥ ገብስ እንደምትመስል ያየሁት ያን ቀን ነው። ነጮቹ ግን አንገታቸውን አቅንተው ሹም እንደሚቀበል ሰው ሽቅብ ያያሉ። ለእንቁላል ብቻ የተመረጠ ገላ መሸሽ ከየት ያምጣ። እኔም ከትምህርት ቤት በነጭ ጋዋኔ እንደመጣሁ መሃላቸው ቆሜ እጄን አወናጭፋለሁ። ጭልፊቱ እኔንም ሳያማርጥ አልቀረም።

በወሩ አንድ ነጭ ዶሮ አልቀረም። "የተማረ ይግደለኝ ስል ኖሬ ይኸው ገደለኝ" አለች እናቴ።

እህቴ ፓስፖርቷን ከሻንጣ አወጣች። ደነገጥኩ።

"ቆይ፣ ገብስማ እንግዛ" አልኳት። "እየውልሽ፣ እንስሳ አካባቢውን ሲመስል ጠላቱ..."

"እሱን ለኔ ልትነግረኝ ነው?" አለችኝ። "የቤቱ አባወራ ባለፈ ቁጥር ግድግዳ ላይ ልጥፍ እል ነበር፣ እንዳያየኝ። ሰባት ዓመት አንተን ያስተማርኩህ እንደዚያ ሆኜ ነው።"

አፈርኩ። በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች።