እግር ሳያወርዱ መንዳት

በቀኝ ቅልጥሜ ላይ በመስመር የተደረደሩ አራት ነጠብጣብ ጠባሳዎች አሉ። የሳይክል ፔዳል የተከላቸው ናቸው። ዝናብ ሊጥል ሲል ያሳክኩኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አሳከኩኝ፤ የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ ቪዲዮ ሲያሳየኝ። ፈረንጆች በሞተር ሳይክል ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ይወጣሉ፤ እግሩን መሬት ያስነካ ይቆጠርበታል።

«ለሞተሩ የሚለማመዱት በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አክስቴ? በሳይክል!» አለኝ፣ ዓለም ትናንት የተፈጠረች ይመስል።

«አውቃለሁ» አልኩት። አላመነኝም። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መጽሐፍ ስታገላብጥ የምትውል ሴት ስለ ሞተር ምን ታውቃለች?

ትዝታ የሚባለውን ነገር ብዙም አልወደውም። ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲያወራ ጥፋቱን በማር ለውሶ ነው የሚያቀርበው፤ ሰሚውም አብሮ ይልሳል። እኔ ማሩን ትቼ ልንገራችሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እሁድ እሁድ ከመዘምራን ጋር ቆሜ ካደግኩበት ከወለጋ፣ ነርስ ሆኜ አሶሳ አጠገብ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። በመጣሁ በስድስተኛው ወር ገጠር ለገጠር ክትባት የሚያደርስ አንድ አዲስ ሞተር ተሰጠን። ቀይ ነበር፤ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ። የሚፈልገው ሁለት ሰው ነበር፤ እኔና ከጎጃም የመጣው የመድኃኒት ክፍሉ ባልደረባዬ። ሁለታችንም መንዳት አንችልም። ኃላፊው «ማን ያስተምራችሁ?» ሲል ዘበኛው እጁን አወጣ። ሳቅን።

ዘበኛው ስድሳ ያለፈው፣ ረጅምና ቀጭን የበርታ ሰው ነበር። በጉልምስናው ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል ስኳርና ሳሙና በሳይክል ጭኖ፣ ከኬላው ራቅ ባለ የእግር መንገድ ያመላልስ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ እሱም አይደብቅም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚለው።

በማግስቱ የድሮ ሳይክሉን እየገፋ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ወዳለው የማንጎ ጥላ ወሰደን። መሬቱ ቀይ ነው፤ የዛፎቹ ሥሮች እንደ እባብ ወጥተውበታል፤ የረገፈው ማንጎ ፈልቶ እንደ ጠላ ይሸታል። በሥሮቹ መካከል ድንጋይ ደርድሮ፣ የቀርከሃ ግንድ አጋድሞ የሚጠማዘዝ መንገድ ሠራ።

«ሞተሩስ?» አልኩት።

«ሞተር ኋላ። ሞተር ጉልበት አለው፤ ጥፋትህን ይደብቃል። ሳይክል አይደብቅም።»

ሕጉ አንድ ነበር፤ እግር አይወርድም። ቆመህ፣ ጉልበትህን አላልተህ፣ ከሚራመድ ሰው ቀስ ብለህ ትሄዳለህ። እግርህ መሬት በነካ ቁጥር ዘበኛው አንድ የደረቀ የማንጎ ፍሬ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ኳ! ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ቀስ! ቀስ በል ሲስተር! ማን አባረረህ? ዓይንህ ድንጋዩ ላይ አይሁን፤ ከድንጋዩ ወዲያ እይ።»

ባልደረባዬ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይስቃል። «ሲስተር፣ ዛሬም ማንጎ ልትለቅሚ ወረድሽ?»

«አንተ ትናንት ስትወድቅ እኮ ካናወጥከው ግንድ ነው የምለቅመው።»

እንዲህ ሁለት ወር ሄደ። ቅልጥሜን ፔዳሉ የነከሰኝ ያኔ ነው። ሱሪ ለብሳ ሳይክል ላይ ስለምትገተር ነርስ የሚወራው ወሬ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ደረሰ። እኔ ግን ወሬውን ወደድኩት። ከዚያ ጤና ጣቢያ በሞተር የምትወጣ የመጀመሪያዋ ሴት መሆን ፈልጌ ነበር። ክትባቱ፣ ሕፃናቱ የሚባለው ነገር አልነበረም በልቤ፤ ሞተሩ ላይ ሆኜ ገበያውን ስሰነጥቅ ነበር የሚታየኝ።

የፈተናው ቀን ኃላፊው ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ። በፈተና ጣሳ የለም፤ ነጂው ራሱ ነው ስንት ጊዜ እንዳወረደ የሚናገረው። የኮንትሮባንድ ነጂዎች ልማድ እንዲህ ነበር አሉ፤ ስለሚሸከመው ጭነት የሚዋሽ ሰው ጓደኞቹን ያስገድላል። ባልደረባዬ ጨርሶ መጣና «ሦስት» አለ። የእኔ ተራ ሆነ። ከትልቁ ማንጎ ጀርባ፣ ማንም በማያየኝ ቦታ፣ ግራ እግሬ መሬት ነካ። አንዴ ብቻ። አንድ ብል እንኳ ባልደረባዬን አሸንፈው ነበር፤ ይህን ያሰብኩት ግን ዘግይቼ ነው።

«ስንት?» አለ ኃላፊው።

«ዜሮ።»

ዘበኛው ወደ ነጩ ሸራ ጫማዬ አየ። እኔም አየሁ። የግራው ጫፍ ቀይ ሆኗል። ቀና አለና «ዜሮ» አለ። ሞተሩ የእኔ ሆነ፤ አነዳዱን ለመልመድ ሳምንት አልፈጀብኝም።

ክረምቱ ሲገባ፣ የመጀመሪያው ሩቅ መንደር ደረሰኝ። የዘበኛው ልጅ ያገባችበት መንደር ነው። የክትባቱን ሳጥን ከኋላዬ አስሬ ሄድኩና ከወንዙ ስደርስ ድልድዩን አየሁት፤ ጎን ለጎን የታሰሩ ቀርከሃዎች፣ ወርዳቸው ክንድ ተኩል፣ ዝናብ አርሷቸው የሚያብረቀርቁ። የእጅ መደገፊያ የለውም። እግሬ ቢወርድ የሚያገኘው አየር ነው። ወንዙ ከድልድዩ በታች ዝቅ ብሎ በጸጥታ ይፈሳል። ከማዶ፣ ከመንደሩ በኩል፣ የልጆች ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ወርጄ ሞተሩን መግፋት እችል ነበር። ሞተሩን ትቼ ሳጥኑን ተሸክሜ መሄድም እችል ነበር፤ መንደሩ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ነገር ግን ዜሮ ያለች ሴት፣ ከተማው ሁሉ የሚያወራላት ነጂ፣ በእግሯ እየተጎተተች ስትገባ ታየኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። ከዚያ ሞተሩን አዞርኩ።

«ወንዙ ሞልቷል» አልኩ ለኃላፊው። ለሚቀጥለው ወር አስተላለፈው። ዘበኛው በሩን እየዘጋ «ሞልቷል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እሺ» አለና ሞተሩን ማጠብ ጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት እዚያ መንደር ኩፍኝ ገባ። ዘበኛው ሲነገረው ሳይክሉን ይዞ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ በዝናብ የልጁን ልጅ በነጠላ ጀርባው ላይ አዝሎ ተመለሰ። አራት ዓመት የሆናት ልጅ ነበረች፤ ሰውነቷ እንደ ምድጃ ይነዳል። ስቀበለው እግሮቹን አየሁ። ጉዞውን ሙሉ አላወረዳቸውም፤ የፕላስቲክ ጫማው ላይ የጭቃ ጠብታ እንኳ አልነበረም።

ልጅቷ ተረፈች። ግራ ዓይኗ ግን አልተረፈም።

ማታ ሳይሆን ቀን ነበር፣ ፀሐይም ወጥታ ነበር፣ ሳይክሉን ሲያጥብ አጠገቡ ሄጄ የቆምኩት። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ወንዙ...»

«አውቃለሁ። የዚያን ቀን ልጄ በድልድዩ ተሻግሮ ለገበያ መጥቶ ነበር።» ልጄ የሚለው ሴቷን ነው፤ የልጅቷን እናት።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«መጀመሪያም ዝም አልኩ። ጫማህ ቀይ ነው፤ ዜሮ አልክ፤ እኔም ዜሮ አልኩ። እዚያ እናቶች ከወንድ ሐኪም ይሸሻሉ። ሴት ሲስተር እንዲሄድ ፈለግኩ። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው፣ ወላሂ።» ጨርቁን ጨመቀው። «ለምን አልወረድክም? ለምን አልገፋህም?»

«እግር አይወርድም ያሉኝ እርስዎ አይደሉ!» ብዬ ጮህኩበት። እንዲህ ነው ያልኩት። በእሱ ላይ ጮህኩ።

ጨርቁን መሪው ላይ ሰቀለው። «እኔ ስኳር ስጭን መቶ ጊዜ ወርጃለሁ። ሳይክል ላይ ያቆየሁህ የሚወረድበትን ቦታ እንድታውቅ ነው። እግሩን ማውረዱን የማያምን ሰው የት እንደሚወርድ አያውቅም።»

በማግስቱ ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ወረድኩ፤ ሞተሩን ገፋሁ። ከማዶ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ቆመው ነበር። ማንም አልሳቀብኝም። የፈራሁት ይህን ሳቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አልነበረም።

ለኃላፊው እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ጡረታ ወጥቷል፤ በበዓል እንደዋወላለን፤ አሁንም «የመጀመሪያዋ ሴት ሞተረኛዬ» ይለኛል፣ እኔም እስቃለሁ። የዘበኛው ስልክ ግን ያ አካባቢ ከታወከ ወዲህ አይሠራም። የመንደሩን ነገር ከምጠይቃቸው ሰዎች አንዱ መንደሩ አለ ይለኛል፣ ሌላው የለም ይላል።

ተዛውሬ ስሄድ ሻንጣዬን በሳይክሉ ጭኖ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ልጅቷ ከፊት ብረቱ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ በግራ በኩል እሄዳለሁ። በየመሐሉ ልታየኝ ትፈልጋለች፤ እኔን ለማየት ግን አንገቷን እስከ ትከሻዋ ማዞር ነበረባት። ትዞራለች፤ ፈገግ ትላለች፤ ትመለሳለች። ደግሞ ትዞራለች። አሥር ጊዜ ያህል ከዞረች በኋላ ነው የገባኝ። ዘበኛውም አይቶ ኖሮ ሳይክሉን አቆመልኝ፤ ከኋላው ዞሬ በቀኝ በኩል ሆንኩ።

ዛሬም ከሰው ጋር ስሄድ ሳላስበው በቀኙ በኩል እሆናለሁ። ሰዎች የአስተዳደግ ጨዋነት ይመስላቸዋል። የእህቴ ልጅም ትናንት መንገድ ላይ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትዞሪው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ልማድ ነው» አልኩት፤ ቅልጥሜን እያከክሁ።