በጥላሸት የተቀባ ስእለት

ሱይሃ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውም፣ እንጨቱም፣ የታመመች አማቷም በእሷ ትከሻ ላይ ወደቁ። ደከመኝ ብትልስ ማን ይሰማታል? ሴት ልጇ ኢልሃ በፈንጣጣ ተይዛ ሰባት ቀን ዓይኗን ሳትገልጥ ስትቀር ግን፣ የአባቶች መንፈስ በሚከበርበት በምዕራቡ መደብ ፊት ተደፍታ ጮኸች።

«ልጄን ተዉልኝ! አንድ ባዕድ ጠጉር የሌለበት ጥቁር አሳማ አቀርብላችኋለሁ!»

ልጅቷ ዳነች። ሱይሃም ከአፏ እየነጠለች አንድ አሳማ ሁለት ዓመት ቀለበች። እንዳይጠፋባት የኋላ እግሩን በገመድ ታስረው ነበር። ገመዱ እግሩን ላጠው፤ ቁስሉ ሲድን ቦታው ላይ ነጭ ጠጉር በቀለ። ይህን ያየችው መሥዋዕቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሌላ አሳማ ከየት ይመጣል? ቢነቀል ቆዳው ያስታውቃል። የድስት ቂጥ ፋቀች፤ ጥላሸቱን በስብ ለውሳ ቀባችው።

«እማ፣ እጅሽ ምን ሆነ?» አለቻት ኢልሃ።

«ድስት ሳጥብ ነው» አለች፤ ዓይኗን ግን ከልጇ ዓይን አሸሸች።

በመሥዋዕቱ ጠዋት ጎሳው ሁሉ በምዕራቡ መደብ ፊት ተሰበሰበ። ከአባቶች መንፈስ ጋር የሚነጋገረው የጎሳው ሻማን፣ ሽማግሌው ፉንጋላ፣ ቃጭሉን በወገቡ ታጥቆ፣ ከበሮውን እየመታ አባቶችን በየስማቸው ጠራ። ከዚያም በታሰረው አሳማ ጆሮ ውስጥ አረቄ አፈሰሰ። ጆሮው ከተርገፈገፈ አባቶች ተቀብለዋል ማለት ነው።

አልተርገፈገፈም። ደገመ። አሁንም ዝም።

«ከመካከላችን የበደለ አለ» አለ ፉንጋላ። «ሁሉም ይንበርከክ፤ ራሱን ይመርምር።»

ሱይሃ ጥፍሮቿን እጅጌዋ ውስጥ ደበቀች።

«ሌላ ማን ይሆናል፣ ያ ሰካራም ናዳንጁ ነዋ!» አለች አንዲት አክስት። «ባለፈው እዚህ የምዕራቡ መደብ ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ አልነበረም?»

«ኧረ አክስቴ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያንኮራፋሁት!»

«ከነጫማህ!»

«ጫማ የሚባል ነገር ነበረኝ እንዴ?»

ጥቂት ሰዎች ሳቃቸውን አፈኑ። «ዝም በል፣ አንተ ውርደታም!» አለ ፉንጋላ።

ናዳንጁ የሱይሃ ዋርሳ፣ የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ በየጸደዩ ሳይለመን ማሳዋን የሚያርስላት እሱ ነው። የሰዉን ፊት አንድ በአንድ አየና ግንባሩን መሬት ላይ መታ። «አባቶቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሱይሃ ፊቷን ወደ መሬት ደፋች።

ፉንጋላ ለሦስተኛ ጊዜ አፈሰሰ። ጆሮው ተርገፈገፈ። ቤቱ በደስታ ሲናወጥ ሁሉም ናዳንጁን እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ አየው። ከማዕድ እንዳይቀርብ፣ ውጭ ውሃ ሲቀዳ እንዲውል ተፈረደበት።

አሳማው ታርዶ በፈላ ውሃ ሲላጥ ሱይሃ የኋላ እግሩን ለማንም አልሰጠችም። ውሃው ሲነካው ጥላሸቱ ከስቡ ጋር ወረደ፤ ነጩ ወጣ። ቀና ስትል ናዳንጁ ባልዲ ይዞ ቆሟል። እግሩን አየ፤ ጠቁረው የቀሩትን ጥፍሮቿን አየ።

ቢሰድባት በቀለላት። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቶሎ ፋቂው» አላት። «ጠጉሩ ከወጣ ማን ያውቃል? እኔ እንደሁ ለምጄዋለሁ።»

ሱይሃ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቤት ገብታ በሰው ሁሉ ፊት ተንበረከከች።

«አጎቴ ፉንጋላ፣ ናዳንጁን ወደ ማዕድ ጥሩት። የአሳማውን ነጭ ጠጉር በጥላሸት ቀብቼ እናንተንም አባቶችንም ያታለልኩት እኔ ነኝ።»

ነጩን እግር አምጥተው አዩት። ፉንጋላ ከበሮውን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስደገፈና «ስእለትሽ አልተከፈለም፤ የሚመጣው መኸር ሌላ ታቀርቢያለሽ» አላት።

ናዳንጁ ገብቶ ተቀመጠ፤ ባልዲውን እሷ አነሳች። ውሃ ይዛ በገባች በወጣች ቁጥር ሰዉ እንዳትነካው ልብሱን እየሰበሰበ መንገድ ለቀቀላት። ኢልሃ ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ በአጠገቧ ሦስት ጊዜ አለፈች፤ ልጅቷ ቀና አላለችም።